ማሩ ከመጋዘን ሳይወጣ ብሩ ይረጋገጥ

የክረምቱ ዝናብ አባርቶ አደይ አበባና መጭ ሜዳውን ሲያለብሱት የንብ አናቢው ተስፋም አብሮ ይለመልማል። በአማራ ክልል አብዛኛው አካባቢ ዋናው የማር ቆረጣ የሚካሄደው በጥቅምትና በኅዳር ነው። ችግሩ ሁሉም አምራች በአንድ ወቅት ቆርጦ በአንድ ወቅት ገበያ መውጣቱ ነው። ለግብር፣ ለልጆች ትምህርት ቤት ወጪና ለማዳበሪያ ዕዳ ብር የሚያስፈልገው አርሶ አደር ዋጋ እስኪሻሻል መጠበቅ ስለማይችል ደላላው በቆረጠለት ዋጋ አስረክቦ ይመለሳል። በዚያው ሳምንት ግን በከተማ የሚኖረው ሸማች እውነተኛ ማር ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ለማሳጠር አንዳንድ አምራቾችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ፊታቸውን ወደ ኢንተርኔት ገበያ አዙረዋል። በቴሌግራምና በፌስቡክ ፎቶ ለጥፎ፣ በስልክ ትዕዛዝ ተቀብሎ፣ ምርቱን በአውቶቡስ መላክ አሁን እንግዳ ነገር አይደለም። ደንበኛው ሲበዛ ግን አሠራሩ ይወሳሰባል። ማን ከፈለ? ማን አልከፈለም? ለማን ተላከ? በመጋዘን ስንት ቀረ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ መስጠት ያቃተው ማኅበር፣ የራሱ የመስመር ላይ ሱቅ ወደ መክፈት ይሄዳል።

የመስመር ላይ ሱቅ ሁለት ዋና አካላት አሉት። አንደኛው ገዢው የሚፈልገውን መርጦ የሚያስቀምጥበት የግዢ ቅርጫት ነው። ሁለተኛው ገንዘቡን ከገዢው ተቀብሎ ወደ ሻጩ ሒሳብ የሚያደርሰው የክፍያ ሥርዓት ነው። ብዙ ጊዜ ትኩረት የሚሰጠው ለድረ ገጹ ውበት ነው። አምራቹን ከኪሳራ የሚጠብቀው ግን የሁለቱ በትክክል መገናኘት ነው። በቅርጫቱ ውስጥ ያለው ትዕዛዝ፣ በባንክ የገባው ብርና ከመጋዘን የሚወጣው ምርት አንድ ዓይነት ቁጥር መናገር አለባቸው።

ኪሎና ሊትር

ቅርጫት ከመመረጡ በፊት የሚሸጠው ምርት በአግባቡ መመዝገብ ይኖርበታል። የእርሻ ምርት እንደ ጫማና ልብስ በፍሬ ብቻ አይቆጠርም፤ ክብደት፣ ደረጃ፣ የቆረጣ ወቅትና የማሸጊያ ዓይነት አለው። ስለዚህ የሚመረጠው ሥርዓት ለአንድ ምርት የተለያየ መጠንና ዋጋ መያዝ የሚችል ሊሆን ይገባል። የተጣራ ማር፣ ያልተጣራ ማርና ሰም፤ ግማሽ ኪሎ፣ 1 ኪሎና 5 ኪሎ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መለያ ቁጥርና ክምችት ያስፈልጋቸዋል።

በማር ሽያጭ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው የኪሎና የሊትር ልዩነት ነው። 1 ሊትር ማር በአማካይ 1 ነጥብ 4 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ለምሳሌ ያህል የ1 ኪሎ ዋጋ 700 ብር ነው ቢባል፣ የ1 ሊትር ዋጋ 980 ብር ገደማ መሆን አለበት። መዝጋቢው ባለ አንድ ሊትሩን ዕቃ "አንድ ኪሎ" ብሎ በ700 ብር ካስገባው በአንዱ ዕቃ 280 ብር ይጠፋል። 50 ዕቃ ሲሸጥ የማኅበሩ ጉድለት 14 ሺህ ብር ይደርሳል። ድረ ገጹ ስህተት መኖሩን አይናገርም፤ የተሰጠውን ቁጥር እየደመረ መሸጡን ይቀጥላል።

የምርት መግለጫውም ቢሆን ሽያጭ ያስገኛል፤ ክርክርንም ያስቀራል። ለምሳሌ እውነተኛ ማር በቅዝቃዜ ጊዜ ይረጋል፤ እንደ አበባው ዓይነትም አንዳንዱ ከሌላው ፈጥኖ ይረጋል። ይህን የማያውቅ የከተማ ገዢ "ስኳር ተቀላቅሎበታል" ብሎ ዕቃውን ሊመልስና ገንዘቡን ሊጠይቅ ይችላል። ማሩ የተቆረጠበት ወር፣ አካባቢው፣ ንቦቹ የቀሰሙት አበባና የመርጋት ጠባዩ በግልጽ ከተጻፈ ክርክሩ ከመነሻው ይቀራል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ በማር ውስጥ የሚኖረው የውሃ መጠን በአጠቃላይ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። ማሩን ያስመረመረ ማኅበር ውጤቱን በሱቁ ላይ ቢያሰፍረው ለገዢው መተማመኛ ይሆነዋል።

የራስ ሱቅ ወይስ የጋራ ገበያ?

ሱቁን ለመክፈት በአጠቃላይ ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ብዙ ሻጮች በሚገኙበት የጋራ የመስመር ላይ ገበያ ገብቶ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ኮሚሽን መክፈል ነው። ሁለተኛው እንደ ሾፒፋይ ያለ በወር ኪራይ የሚከፈልበት የተዘጋጀ ሱቅ መከራየት ነው። ሦስተኛው እንደ ዉኮሜርስ ወይም ኦፕንካርት ያለ፣ ራሱ ሶፍትዌሩ በነፃ የሚገኝ ሥርዓት ወስዶ በማኅበሩ ስም በተከራየ ሰርቨር ላይ መትከል ነው። በነፃ የሚገኘው ሶፍትዌሩ ብቻ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። ሰርቨሩ፣ የድረ ገጹ ስም፣ ባለሙያውና ጥገናው ገንዘብ ይጠይቃሉ።

የውጭ የኪራይ ሱቅ ለመምረጥ የሚያስብ ማኅበር ሁለት ነገር አስቀድሞ ማየት አለበት። ኪራዩ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው። ከሱቁ ጋር አብረው የሚመጡት እንደ ስትራይፕ ያሉ ዓለም አቀፍ የክፍያ አገልግሎቶችም ኢትዮጵያ ውስጥ ለተቋቋመ ድርጅት ሒሳብ አይከፍቱም። በብር የሚሸጥ፣ በብር የሚከፈለውና ገዢው በባሕር ዳር፣ በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ ያለ ማኅበር በዶላር ኪራይ ቢገባ "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" ይሆንበታል።

ምርጫውን በስሜት ከመወሰን በሒሳብ መወሰን ይሻላል። ለማስላት ያህል፣ የጋራ ገበያው ኮሚሽን 10 በመቶ፣ የራስ ሱቅ ወጪ በወር 3 ሺህ ብር፣ የክፍያ አገልግሎቱ ደግሞ 2 በመቶ ነው እንበል። በ700 ብር በሚሸጥ 1 ኪሎ ማር ላይ የጋራ ገበያው 70 ብር ይወስዳል። የራስ ሱቅ ላይ ደግሞ 14 ብር የክፍያ አገልግሎት ይቆረጣል። ልዩነቱ 56 ብር ነው። ስለዚህ የራስ ሱቅ ወጪውን የሚሸፍነው በወር ከ54 ኪሎ በላይ ሲሸጥ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ የእርሻ ጠባይ ይመጣል። ማር በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ይቆረጣል፤ የሱቁ ወጪ ግን 12 ወር ሙሉ ይቆጥራል። የዓመቱ ወጪ 36 ሺህ ብር ነው። ይህን ለመመለስ በዓመት 643 ኪሎ ገደማ በመስመር ላይ መሸጥ አለበት። ከአንድ ዘመናዊ ቀፎ በዓመት 15 ኪሎ ይገኛል ቢባል፣ የ43 ቀፎ ምርት መሆኑ ነው። ጥቂት ቀፎ ያላቸው አባላት የተሰባሰቡበት አዲስ ማኅበር በጋራ ገበያ ቢጀምር አያፍርም። ምርቱን የሚያሰባስብ ዩኒየን ግን የራሱ ሱቅ ሊያዋጣው ይችላል። ማንኛውም ማኅበር የራሱን ትክክለኛ ቁጥር በዚህ ስሌት ውስጥ አስገብቶ መሞከር ይችላል።

ብሩ በየትኛው በር ይግባ?

የኢትዮጵያ የዲጂታል ክፍያ ባለፉት ጥቂት ዓመታት መልኩን ቀይሯል። የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ጀመረ። የሳፋሪኮም ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም ተከተለ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲቢኢ ብርና የሌሎች ባንኮች የሞባይል አገልግሎቶችም አሉ። ብሔራዊ ባንክ የክፍያ ሥርዓት አንቀሳቃሾች ፈቃድ የሚያገኙበትን መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2020 ካወጣ ወዲህ እንደ ቻፓ፣ አሪፍፔይና ሳንቲምፔይ ያሉ የግል ተቋማት ወደ ሥራው ገብተዋል።

ለሻጩ ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ ከቴሌብር ወይም ከባንክ ጋር በቀጥታ ውል ገብቶ መገናኘት ነው። ሌላው ጌትዌይ ከሚባሉት የክፍያ አሳላጮች ጋር አንድ ጊዜ ተገናኝቶ በእነሱ በኩል ከብዙ የክፍያ ዓይነቶች መቀበል ነው። በቀጥታ መገናኘት አሳላጩን ከመሀል ያስቀራል፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ተቋም የተለየ ውልና የተለየ የቴክኒክ ሥራ ይጠይቃል። በአሳላጭ መሄድ ሥራውን ያቀላል፤ አሳላጩ ግን የራሱ ክፍያ አለው፤ የእሱ ሥርዓት ሲቋረጥም ሁሉም በሮች አብረው ይዘጋሉ።

ውል ከመፈረሙ በፊት መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄዎች አሉ። ብሔራዊ ባንክ የሰጠው ፈቃድ ይታይ። ከእያንዳንዱ ክፍያ ምን ያህል ይቆረጣል? የሚቆረጠው ከምርቱ ዋጋ ብቻ ነው ወይስ የማጓጓዣው ብር ተጨምሮ? 5 ኪሎ ማር በ3 ሺህ 500 ብር ሽጦ 200 ብር የማጓጓዣ ያስከፈለ ማኅበር፣ 2 በመቶው ከጠቅላላው ከተቆረጠ የሚከፍለው 70 ሳይሆን 74 ብር ነው። ብሩ ወደ ማኅበሩ የባንክ ሒሳብ የሚገባው በስንት ቀን ነው? ገዢ ዕቃ ቢመልስ ገንዘቡ እንዴት ይመለሳል? የተቆረጠው አገልግሎት ክፍያስ ይመለሳል? ችግር ሲፈጠር ስልክ የሚያነሳ ሰው አለ? አርሶ አደሩ ያስረከበውን ማር ዋጋ በወቅቱ እንዲያገኝ የሚወስነው በተለይ ብሩ የሚገባበት ቀን ነው።

በውጭ ሀገር የሚኖሩ ወገኖችም ሊዘነጉ አይገባም። ዘመን መለወጫና ገና ሲደርስ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዐረብ ሀገራት ያሉ ልጆች ለእናትና ለአባታቸው በግ፣ ቅቤና ማር ለመግዛት ይፈልጋሉ። ምርቱ ከሀገር ስለማይወጣ የወጪ ንግድ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ የሚጠይቀው የውጭ የባንክ ካርድ መቀበል የሚችል የክፍያ በር ነው። ይህን ገበያ የሚፈልግ ማኅበር ባንኩን ወይም አሳላጩን ቪዛና ማስተርካርድ ይቀበል እንደሆነ፣ ሒሳቡም በምን ምንዛሪ እንደሚገባለት አስቀድሞ ይጠይቅ። በቅርጫቱም ላይ የከፋዩና የተቀባዩ ስምና ስልክ በተለያየ ቦታ መመዝገብ አለበት። አለበለዚያ ሾፌሩ መናኸሪያ ደርሶ አሜሪካ ያለ ስልክ ሲደውል ይውላል።

ስክሪንሹት ደረሰኝ አይደለም

በቴሌግራም የሚሸጥ አምራች አብዛኛውን ጊዜ ምርቱን የሚልከው ገዢው የክፍያውን ስክሪንሹት ሲልክለት ነው። ስክሪንሹት ግን ፎቶ ነው። በስልክ ላይ በሚገኝ የፎቶ ማስተካከያ ቁጥሩም፣ ቀኑም፣ ስሙም ይቀየራል። ያልተቀየረ ቢሆን እንኳ ያለፈው ሳምንት ክፍያ ለዛሬው ትዕዛዝ ሁለተኛ ጊዜ ሊቀርብ ይችላል። የገበሬው የዓመት ልፋት በአንድ ፎቶ ታምኖ ከመጋዘን መውጣት የለበትም።

በትክክል የተገናኘ ሱቅ ሥራውን የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ገዢው "ክፈል" የሚለውን ሲጫን ሱቁ ለትዕዛዙ የማይደገም መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ጠቅላላ ዋጋውን ራሱ ሰርቨሩ ያሰላና ከቁጥሩ ጋር ወደ ክፍያ ተቋሙ ይልካል። ዋጋውን በገዢው ስልክ ላይ ካለው ገጽ የሚወስድ ሥርዓት አደገኛ ነው፤ ትንሽ የቴክኒክ እውቀት ያለው ሰው 7 ሺህ ብሩን 70 ብር አድርጎ ሊልከው ይችላል። ከዚያ ገዢው ወደ ክፍያ ተቋሙ ገጽ ተሻግሮ የምሥጢር ቁጥሩን እዚያው ያስገባል። የገዢው የምሥጢር ቁጥር በማኅበሩ ድረ ገጽ ማለፍም ሆነ መቀመጥ የለበትም።

ክፍያው ሲፈጸም ተቋሙ ለማኅበሩ ሰርቨር መልእክት ይልካል። ባለሙያዎች ይህን መልእክት ዌብሁክ ይሉታል። ሥራው ግን እዚህ አያበቃም። ሰርቨሩ መልእክቱን እንዳለ ከማመን ይልቅ ተመልሶ ተቋሙን ይጠይቃል፦ "በዚህ መለያ ቁጥር፣ ይህን ያህል ብር፣ በእርግጥ ተከፍሏል?" ቁጥሩ፣ መጠኑና ሁኔታው ሦስቱም ከተስማሙ ብቻ ትዕዛዙ "ተከፍሏል" ተብሎ ወደ መጋዘን ይተላለፋል። መልእክቱ ሁለት ጊዜ ቢደርስም ማሩ ሁለት ጊዜ እንዳይላክ፣ አንድ መለያ ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሠራ መደረግ አለበት።

ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ተቃራኒው ችግርም አለ። ገዢው ከፍሎ ወደ ሱቁ ገጽ ሳይመለስ ኢንተርኔቱ ይጠፋል። ብሩ ከሒሳቡ ተቆርጧል፤ ሱቁ ግን "አልተከፈለም" ይላል። ገዢው ደንግጦ ደግሞ ሊከፍል ይችላል። ለዚህ መፍትሔው በየተወሰነ ደቂቃ ያልተጠናቀቁ ትዕዛዞችን እየለየ ተቋሙን የሚጠይቅ ሥራ በሰርቨሩ ላይ መጫን ነው። ድረ ገጹን የሚሠራው ባለሙያ ይህን ማድረጉ በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

አንድ መጋዘን፣ አንድ መዝገብ

ማኅበሩ በመስመር ላይ ብቻ አይሸጥም። ቅዳሜ ገበያ ይወጣል፤ በበዓል ባዛር ይሳተፋል፤ ለሆቴሎች በስልክ ያስረክባል። በገበያ የተሸጠው 30 ኪሎ በዚያው ቀን ከሱቁ መዝገብ ካልተቀነሰ፣ ድረ ገጹ የሌለ ማር ሲሸጥ ያድራል። ብር ከፍሎ ማር ያጣ ገዢ ዳግም አይመለስም።

ስለዚህ ሁሉም ሽያጭ፣ በጥሬ ገንዘብ የተሸጠውም ጭምር፣ በአንድ መዝገብ መግባት አለበት። ስማርት ስልክ የሌለው ገዢ በ*127# በቴሌብር ቢከፍልም፣ ትዕዛዙን በስልክ የተቀበለው ሠራተኛ እዚያው ሥርዓት ውስጥ ይመዝግበው። በቅርጫት የገባ ግን ያልተከፈለ ምርት ለጥቂት ጊዜ፣ ለምሳሌ ለ30 ደቂቃ፣ ተይዞ ከዚያ በራሱ ይለቀቅ። በየቀኑ ማታ ደግሞ ገንዘብ ያዡ የክፍያ ተቋሙን ዝርዝር፣ የባንኩን ሒሳብና የመጋዘኑን ወጪ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያመሳክር። ይህ 15 ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ኦዲተር ሲመጣ ግን የሳምንታት ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የሚተዳደሩ፣ ጠቅላላ ጉባኤ፣ ሥራ አመራርና ቁጥጥር ኮሚቴ ያሏቸው ተቋማት ናቸው። ወደ ኢንተርኔት ሲገቡም ይህ ሥርዓት አብሯቸው መግባት አለበት። የክፍያ ሒሳቡ በሊቀ መንበሩ ወይም በገንዘብ ያዡ የግል ስልክ ሳይሆን በማኅበሩ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይከፈት። የድረ ገጹ ስም በማኅበሩ ስም ይመዝገብ። ድረ ገጹን የሠራው ወጣት ሥራ ቀይሮ ሲሄድ የይለፍ ቃሉንም ይዞ ከሄደ ማኅበሩ የራሱን ሱቅ በር ከውጭ ያንኳኳል።

የክፍያ ተቋሙ የሚሰጠው ምሥጢራዊ ቁልፍ እንደ ማኅተም የሚጠበቅ ነው። ቁልፉ የሚቀመጠው በሰርቨሩ ላይ ብቻ ነው፤ በድረ ገጹ ላይ በሚታይ ኮድ ውስጥ አይጻፍም፤ በቴሌግራም አይላክም። ሠራተኛ ሲለቅ ይቀየራል። ገንዘብ ተመላሽ ማድረግም በሁለት ሰው ፈቃድ እንዲሆን ይደረግ።

ሕጉም መታወቅ አለበት። አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ግብይት ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የደንበኛውን ስም፣ ስልክና አድራሻ የሚይዝ ሁሉ በኃላፊነት እንዲይዝ ያስገድዳል። የገዢዎችን ዝርዝር ለሌላ ነጋዴ አሳልፎ መስጠት እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም።

ከመክፈት በፊት መፈተሽ

የክፍያ ተቋማት እውነተኛ ብር ሳይንቀሳቀስ የሚሞከርበት የሙከራ አሠራር ያቀርባሉ። በዚያ ከተሞከረ በኋላም በትንሽ እውነተኛ ብር መድገም ያስፈልጋል። ፈተናው አምስት ነው። ከፍሎ ማጠናቀቅ፤ መክፈል ጀምሮ መተው፤ ከፍሎ ወዲያው ኢንተርኔቱን ማጥፋት፤ የመጨረሻዋን አንድ ኪሎ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ እንዲያዟት ማድረግ፤ በመጨረሻም ገንዘብ ተመላሽ ማድረግ። በአምስቱም መጨረሻ የትዕዛዝ መዝገቡ፣ የባንክ ሒሳቡና የመጋዘኑ ቁጥር አንድ ከሆኑ ሱቁ ለመከፈት ዝግጁ ነው። አንዱ እንኳ ከተለየ ባለሙያው የመጨረሻ ክፍያውን ከመቀበሉ በፊት ያስተካክል።

ለዚህ ፈተና ከሁሉ የሚስማማው ቀፎው ገና ያልተቆረጠበት የክረምት ወቅት ነው። ቆረጣው ሲደርስ ሥራ ይበዛል፤ ገዢውም ይጣደፋል፤ ያኔ ስህተት መፈለግ አይመችም። በሐምሌና በነሐሴ ዋጋውን ያሰላ፣ ውሉን ያነበበና ሥርዓቱን የፈተሸ ማኅበር፣ ጥቅምት ላይ ደላላው ዋጋ ሲቆርጥ ሌላ አማራጭ ይዞ መነጋገር ይችላል። ደላላው 400 ብር ሲል፣ አርሶ አደሩ ስልኩን ከፍቶ ትናንት በ700 ብር ተሸጦ ብሩ የገባለትን ትዕዛዝ ማሳየት ከቻለ ድርድሩ የሚጀመረው ከሌላ ቦታ ነው።